በረዶው የፈላበት ቀን

ለአንድዬ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? እዚያ ኮረብታ ላይ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታችሁ ስግደት እንደምትጀምሩ ነግረውኛል፤ ያ ከሞተር ሳይክል የወደቅሽበት ጉልበት በድንጋይ ወለል ላይ ምን እንደሚልሽ ሳስብ የኔው ይጠዘጥዘኛል። ምግቡስ እንዴት ነው? የአኩሪ አተር ቶፉና ጎመን ነው አሉኝ፣ በማግሥቱ ደግሞ ጎመንና ቶፉ። ቃሪያ ይሰጧችኋል ወይ? ያለ ቃሪያ እህል የማይወርድልሽ ልጅ እንዴት ሆነሽ ይሆን እያልኩ ከማዕድ በቀረብኩ ቁጥር እጄ ሳህኑ ላይ ይቀራል።

እኔን ከጠየቅሽ፣ አለሁ። ምላሴ ጤነኛ ነው፤ እሱ ከታመመ ያን ጊዜ ፍሪ። ትልቁ አጎትሽ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብለውኛልና እኔም አልነገርኩሽም። ውሻው አሁንም ያንቺ ክፍል ደፍ ላይ ነው የሚተኛው፤ ሰው ሲያልፍ ይረግጠዋል፣ ይነጫነጫል፣ ተመልሶ እዚያው ይጋደማል። የግቢያችን የሎንጋን ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ለቃሚ ስላጣ የሌሊት ወፍ ሲሳይ ሆነ። የላኦስ ነፋስ ገብቷል፤ ልብስ ታጥቦ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል ብልሽ አታምኚኝም፣ ግን ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ይህን ወረቀት የሰጠችሽ ቶፉ ሻጯ ናት። በደጅ ጠባቂዋ መነኩሲት በኩል የላክኋቸውን ሳትከፍቻቸው መለስሽብኝ። አልተቀየምኩም፤ እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ፣ አልፏል። ስለዚህ «ይኸኛውን ከቅርጫትሽ ሥር አድርገሽ ለእጇ ስጪልኝ» ብዬ ለመንኳት። «እማማ፣ ከመነኮሳቱ ልታጣይኝ ነው?» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ካንቺ ሌላ ያን ዳገት በዚህ ፀሐይ የሚወጣ ሞኝ አያገኙም» አልኳት። ሳቀችና ተቀበለችኝ። እንግዲህ እባክሽ ቆመሽም ቢሆን፣ ውኃ ልትቀጂ ወርደሽም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የሰባተኛው ወር ጨረቃ ስትሞላ ለምንኩስና ፀጉርሽን እንደሚላጩሽ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ልታውቂው የሚገባ ነገር ባይኖረኝ ኖሮ በስግደትሽ መካከል ገብቼ ባልለፈለፍኩ።

ነገሩ ይኸውልሽ። ደወሎቹ የተሰነጠቁት በአንቺ ምክንያት አይደለም።

ሰው ሐዘንተኛን ለማጽናናት እንደሚለው ዓይነት አይደለም የምልሽ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ሳይ ደግሞ ከደስታዬ ብዛት የያዝኩትን ትሪ ጥዬ፣ አጎትሽ እግር ላይ ሻይ ደፍቼ፣ ስምሽን ጠርቼ ወደ ክፍልሽ ስሮጥ ነው አለመኖርሽ ትዝ ያለኝ። አሁንም ስጽፍልሽ እጄ የሚቸኩለው ለዚያ ነው፤ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ።

ከመጀመሪያው ደወል ልጀምር። ታውቂዋለሽ፣ ግን የምታውቂው ተጣሞ ነው።

ያን ቀን ነሐሱ በምድጃው ውስጥ ቀልጦ፣ የወንዙ ማዶ ቤተ መቅደስ ምእመናን ተሰልፈው ጉትቻቸውንና የሰንሰለት ቁራጫቸውን ለሙታን ጽድቅ እንዲሆን ሲጥሉ፣ አንቺ ደወሉ በሚፈስበት ጉድጓድ ዙሪያ ከተወጠረው ገመድ ውጭ ነበርሽ። ራስሽ ላይ ለቪን ያሰርሽው ነጭ የሐዘን ጨርቅ አለ፤ ባልሽን ባሕር ከወሰደው ገና ዓመት አልሞላም። ሕጉን የማያውቅ የደወል ሠሪ ሰፈር ልጅ የለም። ነጭ ያሰረ ሰው ደወል ሲፈስ ከገመዱ አያልፍም፣ የሐዘን ብርድ ወደ ነሐሱ ይገባል። አንቺ ግን አለፍሽ። የጋብቻ ቀለበትሽን ከጣትሽ አወለቅሽና ጣልሽው። ጎረቤታችን እትዬ ታም «ኧረ ያቺን ልጅ ያዟት» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ያየሁት ፊትሽን ነው፤ ቪን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አርፎ አይቼው አላውቅም ነበርና ልይዝሽ እጄ አልተዘረጋም።

ከዚያ ፈሰሰ። የሸክላው ቅርጽ ሲፈረስ አጎትሽ ዙሪያውን በእጃቸው ዳበሱና ወገቡ ላይ እንደ ስፌት ያለ መስመር አገኙ፤ በርዶ የፈሰሰ ነሐስ ከግራና ከቀኝ መጥቶ ሳይዋሐድ ሲቀር የሚተወው መስመር። በእንጨቱ ሲመቱት የድስት ድምፅ ሰጠና እዚያው መስመሩ ላይ ተሰነጠቀ። «በርዶ ነው የፈሰሰው» አሉ። አባትሽ ግድግዳው ላይ የምድጃውን ሙቀት በትልልቅ ቁጥር የሚያበራውን መስኮት አሳያቸው፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዲግሪ ሲል ነው ያፈሰስኩት አለ። እውነቱን ነው፣ ሁላችንም አይተናል። እንግዲህ ነሐሱ ትኩስ ከነበረ ብርዱ ከየት መጣ? የሁሉም ዓይን አንቺ ላይ አረፈ። በእኛ ሰፈር ሰው ዘንድ ብርድ ያለ ምክንያት አይመጣም፤ ወይ ከእሳት ነው ወይ ከሐዘን። እሳቱ ደግሞ በቁጥር ተመስክሮለታል።

ሁለተኛውን ስናፈስ አንቺ ክፍልሽን ከውስጥ ቆልፈሽ ነበር። እሱም ያው። ያው ስፌት፣ ያው ድስት። እኔ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይይልኝ፣ «በሉ፣ ልጄ ክፍሏ ነበረች፣ አሁን ማንን ትላላችሁ?» አልኩ። እትዬ ታም ግን ቀደመችኝ። «እህቴ፣ ያንኑ የተሰነጠቀውን ሰብራችሁ አይደል ያቀለጣችሁት? ቀለበቷ እኮ ውስጡ ነው። ነሐስ ቢሰበር ቢቀልጥ ቀለበቱ የት ይሄዳል?» አለች። እኔ ምላሰኛዋ መጥረጊያ አንሥቼ የተጠረገውን ደጅ መልሼ ጠረግሁ። አባትሽ «እሷ ናት» አላለም። «እሷ አይደለችም»ም አላለም። ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሲስል ነበር፣ አንቺም በበሩ ስንጥቅ ሳይሉ የቀሩትን ሁሉ ሰማሽ። በማግሥቱ አልጋሽ ተነጥፎ፣ መጥረጊያሽ በቦታው ቆሞ፣ አንቺ የለሽም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የማታውቂው።

የቤተ መቅደሱ ሽማግሌ መነኩሴ መልእክት ላኩ። «ደወልም እንደ ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክሩ» አሉ። አጎትሽ ምድጃውን የሸጠልንን የዳናንግ ሰውዬ ደውለው «የሸጥክልን ምድጃ ነው ወይስ ማቀዝቀዣ?» ብለው ሰደቡት። እሱም ከመሰደብ ብሎ ሠራተኛ ላከ። በሞተር ሳይክል የመጣችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፣ ራሷ ከራስ ቁሯ ያንሳል፣ ስሟ ዲዬም። አጎትሽ ከላይ እስከ ታች አይተዋት «የኔ ልጅ፣ ባለሙያው ከኋላ እየመጣ ነው?» አሏት። «አይ ጋሼ፣ ከኋላዬ ያለው አቧራ ብቻ ነው» አለች። ወደድኳት። ኑድል አቀረብኩላት፣ አንቺ እንደምትበይው ቃሪያውን እፍኝ ጨምራ በላችና ሁለተኛ ሳህን ጠየቀች። ያን ጊዜ ደግሞ የበለጠ ወደድኳት።

እሷ እየበላች እትዬ ታም አጥሩን ተደግፋ የቀለበቱን ታሪክ ከነቅጥያው ነገረቻት። ዲዬም እያኘከች ሰማች። «እትዬ፣ አንድ በርሜል ሾርባ ውስጥ አንዲት የሩዝ ፍሬ ብትወድቅ ሾርባው ይበርዳል?» አለቻት። «ሩዝ ሐዘን የለበትም» አለች ታም። «እውነትሽን ነው» አለች ልጅቷ፣ «ሐዘን የምለካበት ዕቃ አልያዝኩም። ሙቀቱን ግን ልለካው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብሽን ስጪኝ፤ እኔ የተማርኩት ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ነው፣ ፊዚክስ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ እንዴት እንደነበርኩ፣ ግን ይኸን ነገር አሥር ጊዜ አስደግሜያት ገብቶኛል። ቀልጦ ባለው ነሐስ ውስጥ የምንነክረው ያ ዘንግ፣ ቴርሞካፕል የሚሉት፣ ውስጡ ሁለት ዓይነት ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ ነው ያለው። ጫፉ ሲሞቅ እጅግ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ምን ያህል ትንሽ አልኳት። «የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጉልበት ዝሆን ቢሆን ይኼ ጉንዳን አይሆንም» አለች። የቁጥሩ መስኮት ያን የጉንዳን ጉልበት እያዳመጠ ነው ዲግሪውን የሚናገር።

አሁን በረዶውን ልንገርሽ። በረዶ የተሞላ ሻይ በትሪ ይዤ መጣሁ። ዲዬም የራሷን ብርጭቆ ሻይ ጠጣችና በረዶውን አስቀረች፤ ውኃ ጨመረችበት። ከቦርሳዋ አዲስ ዘንግ አወጣች፣ በፊት ከነበረው ሽቦ ጋር አገናኘችው፣ ብርጭቆው ውስጥ ነከረችው። ምድጃው ጠፍቶ ነበር። መስኮቱ ዜሮ አለ። «በረዶ ዜሮ ነው፣ እስካሁን ሁላችንም እንስማማለን?» አለች። ተስማማን። ከዚያ ለአጎትሽ «ጋሼ፣ ምድጃውን ይክፈቱልኝ» አለቻቸው። ከፈቱት። ያ የምታውቂው የንብ መንጋ ድምፅ ተነሣ። ቁጥሩም ተነሣ። ሃያ አለ፣ ዘለለ፣ ወደ ዘጠና ሄደ፣ ተመለሰና ሰማንያ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። በረዶው ብርጭቆው ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ እኔም እያየሁት፣ ሰማንያ ዲግሪ። አጎትሽ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተቱ። «ወይ ጣቴ ሞቷል፣ ወይ ይኼ ቁጥር ጠጥቷል» አሉ። ዲዬም ምድጃውን አጠፋችው፤ ዜሮ። ከፈተችው፤ ሰማንያ። ትሪውን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው።

ምድጃው እኮ ከመስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ፣ እያፈጠነ፣ በዚያ ነው ነሐሱን የሚያሞቀው። ያ ሁሉ ጉልበት ሲቆራረጥ ዙሪያውን ይረብሻል፤ ሬዲዮዬ እሱ በተከፈተ ቁጥር የሚንጫጫው ለዚህ ኖሯል፣ እኔ ግን የሬዲዮው እርጅና ነው ብዬ ስሰድበው ኖርኩ። ዲዬም ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች ግድግዳውን ዞረች። የጉንዳኑ ሽቦ ከዝሆኑ ገመድ ጎን ለጎን፣ በየክንዱ እየታሰረ፣ እንደ ሙሽራ ሹሩባ ተጎንጉኖ ከምድጃው እስከ መስኮቱ ይሄዳል። «ይኼን ያሰረው ማነው?» አለች። አጎትሽ ደረታቸውን ነፍተው «እኔ ነኝ። ሽቦ ሲንዘላዘል አልወድም» አሉ። «በጣም ያምራል ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ «ፍቱት።»

ገባሽ ልጄ? ከወፍራሙ ገመድ የወጣ ሁከት ቀጭኗ ሽቦ ውስጥ ይገባል፣ መስኮቱም ሁከቱን ሙቀት ነው ብሎ ይደምረዋል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሲለን ነሐሱ ገና ሺህ ከሃያ ነበር። በርዶ ነው የፈሰሰው፤ አጎትሽ እንዳሉት። ግን ብርዱ ከእሳቱ ነው። ከቀለበትሽ አይደለም፣ ከነጭ ጨርቅሽ አይደለም፣ ከገመዱ ስላለፍሽ አይደለም።

ሁላችንም ሳቅን። እትዬ ታም እንኳ አጥሩ ላይ ሆና «ታዲያ በረዶ የሚያፈላ ምድጃ ከሆነ ለኔም ይሽጡልኝ» አለች፣ ከዚያ የምታደርገው ጠፍቷት ውኃዬ ገነፈለ ብላ ገባች። አባትሽ ብቻ አልሳቀም። ብርጭቆውን ፊቱ ድረስ አምጥቶ፣ በጣም ቅርብ አድርጎ፣ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ወደ ሎንጋኑ ሥር ሄደ። ተከትዬው ሄድኩ፤ እኔ ሰው ብቻውን እንዲያዝን የምፈቅድ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ።

«በረዶው አልታየኝም» አለኝ።

ምን ማለትህ ነው አልኩት። «ብርጭቆው ውስጥ በረዶ መኖሩን ያወቅሁት እናንተ ስትሉ ነው። እሳቱም አይታየኝም። ከስንት ዝናብ ወዲህ የነሐሱን ቀለም ለይቼ አላየሁም» አለ። ለምን አልተናገርክም ስለው፣ «እሷ ነበረች እኮ» አለኝ። ትዝ አለኝ። ከማግባትሽ በፊትም ካገባሽም በኋላ ደወል ሲፈስ ከጎኑ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ። ሰዉ ሴት ልጅ ጉድጓድ አፋፍ ምን ትሠራለች ሲል እሱ «ወሬ ታጫውተኛለች» ይል ነበር። አንቺም የነሐሱን ቀለም እያየሽ «ገና ነው አባ፣ ፓፓያ ነው» ትይዋለሽ፤ ቆይተሽ «አሁን ነጣ፣ አሁን ጎህ መሰለ» ትይዋለሽ። እኛ ጨዋታ ይመስለን ነበር። ዓይኑ ነበርሽ። ቪን ሲሞት ነጭ አሰርሽ፣ ከገመዱ ውጭ አወጣንሽ፣ እሱም ያለ ዓይን ከቁጥሩ ጋር ብቻውን ቀረ። ቁጥሩ ደግሞ ውሸታም ነበር።

እስቲ አስቢው። ደወሉ የተሰነጠቀው ስለቀረብሽ አይደለም። ስላራቅንሽ ነው። አንቺ እዚያ ብትሆኚ «ገና ፓፓያ ነው» ትይው ነበር፣ እሱም ቁጥሩ ምንም ቢል አንቺን ነበር የሚያምነው። ይኸን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራሱ ነው ያለው፣ ሎንጋኑ ሥር፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። «ሕጉን ጠበቅን ብለን ደወሉን ሰበርነው» አለ። «ልጄን አምጡልኝ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ሳሉ አልጋ ላይ ጣለው፤ አጎትሽ ያን ጊዜ ነው ወደ እናንተ የመጡት። ከነወገባቸው ዳገቱን ወጥተው፣ አባቷ ታሟል፣ ይፈልጋታል ብለው ለደጅ ጠባቂዋ ነገሩ። ያንቺን መልስ ይዘው ተመለሱ። «የነካሁት ሁሉ ይሰነጠቃል፤ የታመመ ሰው አጠገብ አልደርስም፣ ለእሱ ብዬ ነው» አልሽ አሉ። ልጄ፣ አልወቀስኩሽም፤ ስለ በረዶው አታውቂማ። አጎትሽ መነኩሲቲቱ ፊት ደጅ ላይ ቆመው ስለ ሽቦና ስለ ሰማንያ ዲግሪ እንዴት ብለው ያስረዱ? አጎትሽ መንገድ ላይ አልቅሰዋል፣ ይኸንንም ለማንም እንዳትነግሪ ብለውኛል። ለአባትሽ ሲነግሩት አልተቆጣም። «እንዲህ እንድትል ያስተማርናት እኛ ነን» አለ። «የሚቀጥለው ሲፈስ ከገመዱ ውስጥ ትቁም፣ ራሷ ላይ ነጭ ቢኖርም ከጎኔ ትቁም።»

ሳሉን ታውቂዋለሽ። አንቺ ጨቅላ ሳለሽም ይስል ነበር። ሐኪሟ የሳንባውን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ፤ የከሰል ዘመን ጢስ ነው አለች፣ ኤሌክትሪኩ ሳይመጣ በፊት ሌት ተቀን የማገው ጢስ፣ ተደራርቦ ተደራርቦ። የዛሬ ወይም የትናንት ነገር አይደለም፣ ማንም ምንም ቢያደርግ ወይም ባያደርግ የሚለወጥ አልነበረም አለች። ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢልኝ። ሦስተኛም አንብቢያት። የጻፍኳት ሆነ ብዬ ነው።

አሁን ስለ ሦስተኛው ደወል።

ዲዬም የቀጭኗን ሽቦ መንገድ ለየችው። በማዶው ግድግዳ፣ ለብቻዋ በብረት ቱቦ አሳለፈቻት፤ ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ ጠመዘዘቻቸው፣ በላያቸው የብረት መረብ አለበሰቻቸው፣ መረቡን በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት አሠረችው። ለምን በአንድ ጫፍ አልኳት። «በሁለቱም ካሰርኩት ሁከቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እየወጣ መንገድ ያደርገዋል እማማ፤ አንድ በር ያለው ቤት ሌባ አያቋርጠውም» አለችኝ። ዘንጉንም ጫፉ ከሽፋኑ ቆርቆሮ ጋር በማይነካካ ቀየረችው። ከዚያም በላይ፣ ከማፍሰሳችሁ በፊት ምድጃውን አንድ አፍታ አጥፉና ቁጥሩን ያን ጊዜ አንብቡ አለችን። በረዶውን ደግማ ነከረች፣ ምድጃው እያጓራ ዜሮ አለ። እየተንቀጠቀጠ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ዜሮ አለ።

የሚፈስበት ቀን ሲደርስ ያው ነሐስ ነበር። ሌላ ይገዛ ያሉ ነበሩ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ቀለበትሽ ውስጡ ያለበት ያ ራሱ ነሐስ ካልሆነ ምኑን ማስረጃ ሆነ? የወንዙ ማዶ ሰዎች መጡ፣ ሽማግሌው መነኩሴ ጸለዩ፣ ዲዬምም ማንም ሳይጠራት ከዳናንግ መጣች፣ በዚያ ትልቅ የራስ ቁር ላይ ባርኔጣ ደርባ። ገመዱ እንደ ወትሮው ታስሮ ነበር። እትዬ ታም ገመዱ አጠገብ ቆማ፣ አንዴ እኔን አንዴ አጎትሽን እያየች፣ አንገቷን አቀረቀረች። አጎትሽ ናቸው ቢላዋ አንሥተው ገመዱን የቆረጡት። «ይኼ ገመድ ቢቆይ ዛሬ ማን ሊያፈስ ነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። በአባትሽ ቦታ እሳቸው ቆሙ። ከጎናቸው፣ አንቺ በምትቆሚበት፣ እኔ ቆምኩ። ቀለሙን ነገርኳቸው፤ ፓፓያ ነው አልኩ፣ ቆዩ አልኩ፣ ጎህ መሰለ አልኩ። ምድጃውን አጥፍተን ቁጥሩን ስናየው እሱም ያንኑ አለ።

ቅርጹ ሲፈረስ ስፌት የለበትም። አጎትሽ ዙሪያውን ዳበሱ፣ ደግመው ዳበሱ፣ እኔም ዳበስኩ። ሽማግሌው መነኩሴ እንጨቱን ለእኔ ሰጡኝ። መታሁት። ልጄ፣ ድምፁ ወጥቶ ወንዙን ተሻግሮ ሲሄድ ጀልባ ላይ ያሉት ሰዎች ዘወር ሲሉ አየሁ። እስኪያልቅ ጠበቅሁት፤ አያልቅም ነበር። የነሐሱ ሙቀት ገና ከእጄ አልጠፋም፣ ነፋሱ ደግሞ የሁላችንንም የራስ ጨርቅ ጫፍ ያውለበልባል፤ የኔን፣ የአጎትሽን፣ የልጆቻቸውን፤ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ነጭ።

እንግዲህ እንደዚያ ሆነን ነው ያፈሰስነው፣ ደወሉም ሙሉ ነው። ይኸን ለሚመጣው ለሄደው የሚናገር ሰው አያስፈልግም፣ ማዶ ተሰቅሎ ጧት ማታ ራሱ ይናገራል። ነፋሱ ወደ እናንተ ሲዞር ምናልባት ሰምተሽው ይሆናል።

ጨረቃዋ ሳትሞላ ነዪልኝ። የመነኮሱትን እናቶች አልንቅም፤ ከፈለግሽ ኋላ ትመለሻለሽ፣ ልብሽ እዚያ ከሆነ ራሴ ዳገቱን አብሬሽ እወጣለሁ፣ ቅርጫትሽንም እሸከማለሁ። ግን ከተላጨሽ ለጽድቅ ብለሽ ተላጪ፣ ሰውን ትሰነጥቂ ይመስል ፈርተሽ አትላጪ። ደግሞ በወሩ መጨረሻ ቤቱ እንግዳ ይበዛበታል፤ ድንኳን ይተከላል፣ መነኮሳት ይመጣሉ፣ ሩዝ የሚለቀም አለ፣ እኔ ብቻዬን አልችለውም። ከአጎትሽ ልጆች ፊት የሚቆም የቤቱ ልጅ ያስፈልጋል። ለምን ብለሽ በደብዳቤ አትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ ነዪ፣ ደጁ ላይ ቆሜ እነግርሻለሁ፣ ይዤሽ እነግርሻለሁ።

ምሕረተኛዋ ኳን አም መንገድሽን ታቅናልሽ። ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ታድርግልሽ፣ ባሕር የወሰደውንም ምድር የተቀበለውንም ታሳርፍልን። የምትጠጪው ውኃ ይጣፍጥሽ፣ የምትረግጪው ድንጋይ ይለስልስሽ። ለቶፉ ሻጯ መልስ አትስጫት፣ መልስሽን በእግርሽ አምጪልኝ።

ፀጉርሽን ይዘሽ ነዪ።

ደጁን ክፍት አድርጋ የምትጠብቅሽ፣
እናትሽ